መጀመሪያ ኮርሱን፣ መጨረሻ ደሴቱን፦ ስኩባ ዳይቪንግ ለመጀመር የት እና እንዴት?

ስኩባ ዳይቪንግ (የአየር ጋን ተሸክሞ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) ልጀምር ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "የት ልሂድ?" ብሎ ነው። ማልዲቭስ ይሻላል ታይላንድ? ዛንዚባርስ? ከዚያ ፎቶ ማገላበጥ ነው። ኤሊ፣ ማንታ ሬይ (ክንፍ ያለው የሚመስል ትልቅ ዓሣ)፣ ሰማያዊ ውሃ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ደሴቱን በፎቶ መረጥኩ፣ ትኬት ቆረጥኩ፣ ኮርሱን ግን ያሰብኩበት እዚያ ከደረስኩ በኋላ ነው። አንድ አሰልጣኝ ለስምንት ሰው ደረሰን። አንዱ ማስኩ ውስጥ የገባውን ውሃ ለማስወጣት ሲታገል ሰባታችን አሸዋው ላይ ተንበርክከን ተራ እንጠብቃለን። የመጀመሪያው ቀን በአብዛኛው ያለቀው በመጠበቅ ነው።

ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ዳይቮች ዓሣ አታዩም። ዓሣውማ አለ። እናንተ ግን ዓይናችሁ የአሰልጣኙ እጅ፣ የአየር መለኪያው እና የራሳችሁ ጉልበት ላይ ነው፤ እግራችሁ ወደ ላይ እየሄደ፣ ጭንቅላታችሁ ወደ ታች እየሄደ፣ ሰውነታችሁን ቀጥ ለማድረግ ትታገላላችሁ። ስለዚህ "በዓለም አንደኛ" የተባለ ቦታ ለጀማሪ ያን ያህል አይጠቅምም። የሚጠቅመው የረጋ ውሃ፣ ታጋሽ አሰልጣኝ እና በቂ ቀን ነው። ይህን መመሪያም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው የጻፍኩት። ደሴቶቹ ወደ መጨረሻው ይመጣሉ።

በምን እንመዝን?

አንደኛው ቀን ነው። የእረፍት ቀናችሁን ሳይሆን ውሃ ውስጥ የምትገቡበትን ቀን ቁጠሩ። ጥልቀት ውስጥ ስትተነፍሱ ናይትሮጅን ወደ ደማችሁና ወደ ሥጋችሁ ይገባል፤ ከወጣችሁ በኋላም ቀስ እያለ ነው የሚለቃችሁ። አውሮፕላን ስትሳፈሩ የካቢኑ ግፊት መሬት ላይ ካለው ያነሰ ስለሆነ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ሊሠራ ይችላል፤ የጥልቀት ሕመም የሚባለው ይሄ ነው። ዳን የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት የሚመክረው አንድ ዳይቭ ብቻ ካደረጋችሁ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ወይም በቀን ከአንድ በላይ ካደረጋችሁ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳትበሩ እንድትቆዩ ነው። ብዙ ሰው እንዳይሳሳት 24 ሰዓት ይይዛል። ስለዚህ የሰባት ቀን ጉዞ ሲታሰብ የመድረሻው ቀን ይወጣል፣ የመጨረሻው ቀን ይወጣል፣ ጉንፋን ወይም ማዕበል አንድ ቀን ቢወስድባችሁ የሚቀረው አራት ቀን ነው።

ሁለተኛው የውሃው ጠባይ ነው። ጥልቀቱ ቀስ እያለ የሚጨምር፣ ታቹ አሸዋ የሆነ፣ የባሕር ጅረት የማይጎትተው፣ ሞቅ ያለ ውሃ። ከ26 እስከ 29 ዲግሪ ከሆነ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመጥለቂያ ልብስ ለብዙ ሰው ይበቃል። ብርድ የጀማሪ ጠላት ነው። የበረደው ሰው አየሩን ቶሎ ይጨርሳል፣ ትዕግሥቱንም እንደዚያው።

ሦስተኛው አንድ አሰልጣኝ ስንት ሰው ይይዛል የሚለው ነው። ፓዲ በተባለው የዳይቪንግ አሠልጣኝ ድርጅት ሕግ፣ በኦፕን ዋተር (በመሠረታዊው ሙሉ) ኮርስ፣ ባሕር ውስጥ፣ ረዳት የሌለው አንድ አሰልጣኝ እስከ 8 ተማሪ መያዝ ይችላል። ይችላል ማለት ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም። አራት ሰው ደህና ነው፤ ሁለት ከሆነማ ሰርግና ምላሽ። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም መመዘኛ የሚበልጠው ይሄ ነው። ዋጋ ወርዶ ስታዩም መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄንኑ ይሁን፤ ርካሽ ኮርስ ብዙ ጊዜ የሚረክሰው ቡድኑ ስለሚሰፋ ነው።

ከዚያ ሕክምና አለ። ጀልባው ላይ ንጹሕ ኦክስጅን አለ ወይ? ጠላቂ ሲታመም የሚታከምበት የግፊት ክፍል ምን ያህል ይርቃል? በዚህ ጥያቄ የሚያኮርፍ የዳይቪንግ ማዕከል ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

መጨረሻው ወጪ ነው። የኮርሱን ዋጋ ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። አንዱ የተናገረው ዋጋ ዕቃውን፣ የመማሪያውን ጽሑፍ፣ የሰርተፊኬቱን ክፍያ እና ጀልባውን ይጨምራል፤ ሌላው ግማሹን ትቶ ይናገራል። የባሕር ፓርክ መግቢያም ለብቻው ሊሆን ይችላል። "ጠቅላላ ከኪሴ የሚወጣው ስንት ነው?" ብላችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ከኮርሶቹ የትኛው?

የሙከራ ዳይቭ። ግማሽ ቀን ወይም አንድ ቀን ይፈጃል። አጭር ገለጻ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ትንሽ ልምምድ፣ ከዚያ ከአሰልጣኝ ጋር እስከ 12 ሜትር። ሰርተፊኬት የለውም። "እችለው ይሆን?" ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ችግሩ ያለው ሙከራውን እንደ ኮርስ ቆጥሮ በየደሴቱ በሚደጋግመው ሰው ላይ ነው። ሦስት አራት ጊዜ ከሞከራችሁ ያወጣችሁት ወጪ ወደ ሙሉ ኮርስ እየተጠጋ ነው፣ የተማራችሁት ግን እምብዛም ነው።

ስኩባ ዳይቨር። የሙሉ ኮርሱ ግማሽ በሉት። ሁለት ቀን ገደማ ይወስዳል፣ እስከ 12 ሜትር ያስገባል፣ ግን ሁልጊዜ ከባለሙያ ጋር ብቻ። ሁለት ቀን ብቻ ካላችሁ ያስኬዳል፤ በኋላም ወደ ሙሉው ማሳደግ ይቻላል። ሦስተኛ ቀን ማግኘት የምትችሉ ከሆነ ግን እለፉት።

ኦፕን ዋተር፣ ሙሉውን ደሴቱ ላይ። አብዛኛው ሰው የሚወስደው ይሄንን ነው። ከሦስት እስከ አራት ቀን ይፈጃል። ንድፈ ሐሳብ አለ፣ በገንዳ ወይም ገንዳ በመሰለ ረጋ ባለ ውሃ ልምምድ አለ፣ ከዚያ አራት ዳይቭ ባሕር ላይ። ስትጨርሱ ሰርተፊኬት ካለው ጓደኛ ጋር እስከ 18 ሜትር መውረድ ትችላላችሁ። መነሻ ዕድሜው 10 ዓመት ነው። የዋና ሻምፒዮን መሆን አይጠበቅባችሁም። 200 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘት፣ ወይም ማስክ፣ መተንፈሻ ቱቦና የእግር መቅዘፊያ አድርጎ 300 ሜትር፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ሳይሰጥሙ መንሳፈፍ። ሰዓት የሚይዝባችሁ የለም።

ግማሹን እቤት፣ ግማሹን ደሴቱ ላይ። ሪፈራል ይሉታል። ንድፈ ሐሳቡንና የገንዳውን ልምምድ በምትኖሩበት ከተማ ጨርሳችሁ ደሴቱ ላይ አራቱን ዳይቮች ብቻ ታደርጋላችሁ። ሁለት ቀን ይበቃል። የገንዳው ወረቀት ብዙውን ጊዜ ለ12 ወር ያገለግላል። የምትኖሩበት አካባቢ የዳይቪንግ ማዕከልና ገንዳ ካለ፣ እረፍታችሁም አጭር ከሆነ፣ ይሄን አጥብቄ እመክራለሁ። ማንም ሰው ውቅያኖስ ዳር ድረስ ሄዶ ክፍል ውስጥ ቪዲዮ እያየ መዋል የለበትም። ገንዳ ከሌለ እንኳ ንድፈ ሐሳቡን በኢንተርኔት ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ቢያንስ አንድ ቀን ታተርፋላችሁ።

እዚህ ላይ "ፓዲ ይሻላል ወይስ ሌላው አሠልጣኝ ድርጅት ኤስኤስአይ?" የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ፓዲ በ1966፣ ኤስኤስአይ በ1970 የተመሠረቱ ናቸው። የሁለቱም ኦፕን ዋተር ኮርስ አይኤስኦ 24801-2 የተባለውን ዓለም አቀፍ ደረጃ ያሟላል፣ የአንዱን ካርድ የሌላው ማዕከል ይቀበላል። ለጀማሪ ልዩነቱ የመማሪያው ሽፋን ቀለም ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም። ስለ አርማው የምትጨነቁበትን ሰዓት ስለ አሰልጣኙ በመጠየቅ አሳልፉት።

በነገራችን ላይ ጀርባችሁ ላይ የምትሸከሙት ጋን በተለምዶ "ኦክስጅን" ይባላል እንጂ ኦክስጅን አይደለም። አሁን የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው፣ ተጨምቆ የገባ። ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች ሊመርዝ ይችላል።

ከትኬቱ በፊት አንድ ወረቀት

ይሄን የሚዘለው ብዙ ነው። ኮርስ ከመጀመራችሁ በፊት የጤና መጠይቅ ትሞላላችሁ። አስም፣ የልብ ችግር፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና፣ የሚጥል በሽታ፣ እርግዝና እና የመሳሰሉት ይጠየቃሉ፤ ከ45 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ተጨማሪ ጥያቄ አለ። "አዎ" የምትሉት ነገር ካለ ሐኪም አይቶ መፈረም ሊኖርበት ይችላል። እዚያ ደሴት ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጀልባው ሊነሳ ሲል ይሄን ሐኪም ከየት ታመጡታላችሁ? እርጉዝ ከሆናችሁ ዳይቪንጉ ይቆያችሁ፣ ክርክር የለውም። መጠይቁ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። አሁኑኑ አንብቡት። ደግሞ አትዋሹበት። 10 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውሃው ወለል እጥፍ ነው፤ እዚያ የተሳበ አየር ሳንባ ውስጥ ታፍኖ ወደ ላይ ከወጣ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። "ትንፋሽ አትያዙ" የሚለው ሕግ አንደኛ ሕግ የሆነው፣ አስም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያየው አይገባም የሚባለውም ለዚህ ነው።

የጉዞ ኢንሹራንስ ካላችሁም ጥቃቅኑን ጽሑፍ እዩ። ብዙዎቹ ዳይቪንግን አይሸፍኑም፣ ወይም እስከዚህ ጥልቀት ብለው ይገድባሉ።

አሁን ደሴቶቹ

(ወራቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ኮ ታኦ፣ ታይላንድ። 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ደሴት ናት። የዳይቪንግ ማዕከሉ ብዛት ግን ጉድ ነው። ውድድሩ ዋጋውን አውርዶታል፣ በየቀኑ አዲስ ኮርስ ይጀመራል፣ አሰልጣኝም በብዙ ቋንቋ ይገኛል። እንደ ጃፓኒዝ ጋርደንስ ያሉት ቦታዎች ጥልቀታቸው ትንሽ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ረጋ ያሉ ናቸው። የተገላቢጦሹ ደግሞ መጨናነቅ ነው። እንደ ፋብሪካ የሚያመርቱ ማዕከሎች አሉ፤ የተማሪ ቁጥር የሚለውን ጥያቄ የትም ብትረሱት እዚህ አትርሱት። አየር ማረፊያ የላትም፣ የሚደረሰው በጀልባ ነው፤ ስለዚህ ለመሄድና ለመመለስ ቀን ይባክናል። የአየሩ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ታይላንድ ሁለት ባሕር አላት። በአንዳማን ባሕር በኩል ክረምቱ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ሲሆን፣ ኮ ታኦ ባለችበት ባሕረ ሰላጤ ግን ከባዱ ዝናብና ማዕበል የሚመጣው ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር፣ በተለይ ኖቬምበር ላይ ነው። "ጁላይ ታይላንድ ዝናብ ነው" ብሎ ከኮ ታኦ የቀረ ሰው ተሳስቷል።

ኡቲላ፣ ሆንዱራስ። የካሪቢያን ርካሽ አማራጭ የምትባለው ናት። ከዓለም በትልቅነቱ ሁለተኛ በሆነው የሜሶአሜሪካ ኮራል ሪፍ (ትንንሽ የባሕር ፍጥረታት የሠሩት የውሃ ውስጥ ድንጋያማ ግንብ) ላይ ተቀምጣለች። የደሴቱ ሰው እንግሊዝኛ ይናገራል። የግፊት ክፍልም አላት። መንገዱ ረጅም ነው፣ በሰውነት ላይ የሚረባረበው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። ምቾት ከፈለጋችሁ ጎረቤቷ ሮአታን ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ አላት፣ ዋጋዋም በዚያው ልክ ከፍ ይላል።

ቦኔር፣ የኔዘርላንድ ካሪቢያን። ለኔ ከሁሉም የተለየችው ይቺ ናት። እዚህ ጀልባ የግድ አይደለም። መንገድ ዳር ቢጫ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ታያላችሁ፣ የቦታው ስም ተጽፎበታል፤ መኪናችሁን አቁማችሁ፣ ጋናችሁን ተሸክማችሁ፣ በእግራችሁ ትገባላችሁ። ከባሕር ዳርቻው ትንሽ ዋኝታችሁ ኮራሉ ላይ ናችሁ። ምዕራባዊው ዳርቻ ከነፋስ የተከለለ ስለሆነ ውሃው ረጋ ይላል። ምሥራቁ ሌላ ዓለም ነው፣ ለጀማሪ አይሆንም። የባሕር ፓርኩ ከ1979 ጀምሮ ያለ ነው፣ መግቢያው ይከፈላል። መገበያያዋ የአሜሪካ ዶላር ነው፣ ወጪውም ከኮ ታኦና ከኡቲላ ይበልጣል። ከአውሎ ነፋሱ ዋና መስመር በስተደቡብ ስለሆነች ዓመቱን ሙሉ ይኬዳል። የሚከብደው የድንጋዩ ነገር ነው፤ ጋን ተሸክሞ በሚያንሸራትት ኮራል ድንጋይ ላይ መራመድ ለጉልበት ጥሩ አይደለም። መኪና የሚነዳ ሰው ከሌለም ትርጉሟ ግማሽ ይሆናል። የቦኔር ትርፉ ከሰርተፊኬቱ በኋላ ነው። ከጓደኛችሁ ጋር፣ ማንም ሳያጣድፋችሁ፣ አንዱን ቦታ ሦስት ጊዜ መደጋገም ትችላላችሁ፤ ጀማሪ ደግሞ የሚሻሻለው እንደዚያ ነው።

ማልዲቭስ። ፎቶው አይዋሽም። ውሃው ሞቃት ነው፣ በሪዞርቶቹ ዙሪያ ያለው ረጋ ያለ ጥልቀት አልባ ባሕር ለልምምድ የተሠራ ነው የሚመስለው። ቡድኑም ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ችግሩ ዝነኛዎቹ ቦታዎች በደሴቶቹ መካከል ያሉት መተላለፊያዎች መሆናቸው ነው፤ እዚያ ጅረቱ ይጎትታል፣ ለጀማሪ አይሆንም። ስለዚህ ውድ ዋጋ ከፍላችሁ፣ ሌላ ቦታ በርካሽ የምታገኙትን ዓይነት ኮርስ ትማራላችሁ ማለት ነው። ወጪውን የሚያቃልለው ነዋሪዎች ባሉባቸው ደሴቶች ላይ የእንግዳ ማረፊያ መያዝ ነው። ጀልባ ላይ እየተኛችሁ የምትዞሩበት ጉዞ ለሁለተኛው ዓመት ይቆይ፤ ብዙዎቹ ልምድ ይጠይቃሉ። አንድ ደግሞ የሚያስቆጭ ነገር አለ። ማንታዎች በብዛት የሚሰበሰቡበት ሃኒፋሩ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ በስኩባ መግባት ክልክል ነው። የሚፈቀደው በመተንፈሻ ቱቦ መዋኘት ብቻ ነው። ለዚያ ብላችሁ ኮርስ ልትወስዱ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ። ወደ ሩቅ ሪዞርት በባሕር አውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነም እሱም በረራ ነውና የመመለሻውን ሰዓት ከማዕከሉ ጋር ተነጋገሩበት።

ዛንዚባር። ምኔምባ ደሴት አካባቢ ያለው ኮራል ቆንጆ ነው። የባሕሩ መሙላትና መጉደል ትልቅ ስለሆነ፣ በተለይ በምሥራቁ ዳርቻ፣ የጀልባው ሰዓት እንደ ባሕሩ ይቀያየራል። ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ ረጅሙ ዝናብ ነው። የወባ ስጋት ስላለ ስለ መከላከያ መድኃኒቱ ሐኪም ጠይቁ፤ ስትጠይቁ "ዳይቪንግ አደርጋለሁ" ማለትን አትርሱ። ሜፍሎኩዊን የተባለው ለጠላቂ አይመከርም፣ የሚያመጣው ማዞርና መረበሽ ከጥልቀት ሕመም ጋር ይምታታል።

ጊሊ ደሴቶች፣ ኢንዶኔዥያ። ሦስት ትንንሽ ደሴቶች ናቸው፣ መኪና የለባቸውም። ኤሊ በሽ ነው። ዋጋው ለኮ ታኦ ይቀርባል፣ ጅረቱ ግን አንዳንድ ቀን ይበረታል።

| ደሴት | ውሃው ለጀማሪ | መድረሻው | ወጪ | የሚሻሉ ወራት | ልብ በሉ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኮ ታኦ | በጣም ጥሩ | በጀልባ ብቻ | ዝቅተኛ | ማርች–ሴፕቴምበር | የቡድን ብዛት |
| ኡቲላ | በጣም ጥሩ | ረጅም መንገድ | ዝቅተኛ | ማርች–ኦገስት | የአሸዋ ዝንብ |
| ቦኔር | በጣም ጥሩ (ምዕራቡ) | በአውሮፕላን | መካከለኛ–ከፍተኛ | ዓመቱን ሙሉ | መኪና ያስፈልጋል |
| ማልዲቭስ | ሪዞርት ዳር ጥሩ፣ መተላለፊያው አይሆንም | በአውሮፕላንና በጀልባ | ከፍተኛ | ጃንዋሪ–ኤፕሪል | ጅረት |
| ዛንዚባር | ጥሩ | ቀላል | መካከለኛ | ጁላይ–ኦክቶበር፣ ጃንዋሪ–ፌብሩዋሪ | ወባ፣ የባሕር መሙላትና መጉደል |
| ጊሊ | ጥሩ | በጀልባ | ዝቅተኛ | ሜይ–ኦክቶበር | አንዳንዴ ጅረት |

ታዲያ እናንተስ?

እርግጠኛ ካልሆናችሁ የትም ሂዱ፣ ለእረፍት በምትሄዱበት ቦታ አንድ የሙከራ ዳይቭ አድርጉ። ለዳይቪንግ ብቻ ብላችሁ ውቅያኖስ አታቋርጡ።

ገንዘብ ከጠበባችሁና ጊዜ ካላችሁ ኮ ታኦ ወይም ኡቲላ፣ ለየትኛው እንደምትቀርቡ እያያችሁ። የአውሮፕላኑ ትኬት የኮርሱን ልዩነት ይበላዋልና ሁለቱን ደምሩ። ከኮርሱ ባተረፋችሁት ላይ ትንሽ ጨምራችሁ ቡድኑ ትንሽ የሆነበትን ማዕከል ያዙ።

አንድ ሳምንት ብቻ ካላችሁ ገንዳውን እቤት ጨርሱ። ከዚያ ደሴቱ የፈለጋችሁት ሊሆን ይችላል፣ ማልዲቭስም ቢሆን።

ሰርተፊኬቱን ይዛችሁ በራሳችሁ መለማመድ ከፈለጋችሁ ቦኔር፣ ከተቻለ አሥር ቀን።

ውሃ የምትፈሩ ከሆነ ዋጋው ቢጨምርም አሰልጣኝ ለብቻችሁ ያዙ። ፍርሃት ያለበት ሰው የሚያስፈልገው "አንዴ ቆይ" ማለት መቻል ነው፣ ሰባት ሰው ቆሞ እየጠበቀው ደግሞ አፉን አይከፍትም።

ዕቃ አትግዙ፣ ከማስክ በስተቀር። ማስኩን ማሰሪያውን ሳታስሩ ፊታችሁ ላይ አድርጋችሁ በአፍንጫ አየር ሳቡ፤ ሳይወድቅ ከቆየ የናንተ ነው። አፍንጫ የታፈነበት ጠዋት ደግሞ ጆሮ ግፊቱን ማመጣጠን እንቢ ይላልና፣ ኮርሱን ከጀመራችሁ በኋላ ጉንፋን ቢይዛችሁ ምን እንደሚደረግ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ደህናዎቹ ማዕከሎች ቀኑን ያስተላልፉላችኋል። "የተከፈለ አይመለስም፣ ካልገባችሁ ቀረ" የሚል ካጋጠማችሁ፣ ከጎኑ ሌላ ማዕከል አለ።